አሥራ ሁለት እንግዶችና አንድ ጋን ጠላ

እናንተዬ፣ ሰው ሰክሮ ሲሄድ እኮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ከገበያው እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ አጥር አጥሩን ይዤ ስሄድ፣ "እንዴት አመሸህ?" ከማለት በቀር ትንፍሽ ያለኝ የለም። ቀጥ ብዬ መሄድ የጀመርኩ ሰሞን ግን በአንድ ቀን ሦስት ሰዎች አስቁመው፣ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ብለውኛል። አንዷ ጎረቤታችንማ ግንባሬን በመዳፏ ነክታ፣ "ትኩሳትስ የለህም" ብላ እየተገረመች ሄደች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጠጥ መተው እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ ይደነግጥላችኋል።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ፣ በውስጧም በዕድሜ የምትበልጠኝ የስፌት መኪና አለችኝ። ጠጥቶ መስፋት እንደሚወራው ከባድ አይደለም፤ እግር መርገጫውን ያውቀዋል። ከባዱ ጧት ጧት ክር መርፌ ውስጥ መክተት ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ክሩ ወደ ቀኝ ሲል መርፌው ወደ ግራ ይላል፤ እንዲህ ስንተላለፍ ይረፍዳል። መድኃኒቱን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። አንዲት መለኪያ አረቄ ስጨልጥ እጄ ጸጥ ይላል፣ ክሩም ሰተት ብሎ ይገባል። ምን ዓይነት ብልህ ሰው ነኝ ብዬ ራሴን አደነቅሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ለክሩ፣ አንድ ለቁልፉ፣ አንድ ለዚፑ ሆነ፤ ኮት ከሆነማ ገበሩም ድርሻውን ይጠይቃል።

ነገሩ የተበላሸው በሱሪ ነው። ባለቤቴ እንጉዳይ እንደ ልጇ አድርጋ ያሳደገችው አንድ ታናሽ ወንድም አላት። ባለፈው ጥር ሲያገባ የሙሽራ ልብሱን እኔ ልስፋለት ብዬ በገዛ አፌ ለመንኩ። ኮቱ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ልክክ አለ። ሱሪው ግን የሠርጉ ዕለት ጧት ሲለበስ ሁለቱም እግሩ የግራ እግር ሆኖ ተገኘ። ሙሽራው ወደ ሙሽራዋ ልሂድ ሲል ሱሪው ወደ ጓሮ ይወስደዋል። በመጨረሻ ሚዜው የራሱን አውልቆ ሰጠው። ሚዜው አጭር፣ ሙሽራው መለሎ፤ በፎቶው ሁሉ ላይ ከሙሽራዋ ፊት ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የሙሽራው ቁርጭምጭሚት ነው። እኔ ይኼን ሁሉ የሰማሁት በማግስቱ ነው፤ ያን ጊዜ ዳሱ ጥግ ተኝቼ ነበር።

እንጉዳይ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ቤት ስንገባ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ካንተ ጋር ወሬ የለኝም" አለች። እሷ ደግሞ አንዴ አልኩ ካለች አለች ነው። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ እሷና አንዲት ቀይ ዶሮ ነን። ስለዚህ ንግግሩ ሁሉ በዶሮዋ በኩል ሆነ። "አንቺ ዶሮ፣ ራት ቀርቧል በይው።" "አንቺ ዶሮ፣ ያንን ሸሚዝ ያውልቅና ይስጠኝ፣ ይታጠብ በይው።" እኔም ውሎ አድሮ ለመድኩና፣ "አንቺ ዶሮ፣ ወጡ ይጥማል በያት" ማለት ጀመርኩ። ዶሮዋ በመካከላችን ቆማ አንገቷን አንዴ ወደሷ አንዴ ወደኔ ታዞራለች። ሥራዋን አክብራ የምትሠራ ዶሮ ነበረች።

ትስቃላችሁ። እኔም ሰው ፊት እስቃለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት አብራችሁ የኖራችሁት ሰው ስማችሁን ሳይጠራ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ሲያልፍ፣ በገዛ ቤታችሁ ውስጥ የሌላችሁ ይመስላችኋል። አንዳንዴ ከውጭ ስገባ ሆን ብዬ እግሬን ከመቃኑ ጋር አጋጫለሁ፤ "እኔን!" ትለኝ እንደሆነ ብዬ። ዝም። እግሬ ብቻ ያብጣል።

ምለህ አትተውም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ምዬ ነበራ! አንዴ በታቦት ማልኩ፤ አራት ቀን ቆየሁ። አንዴ በእናቴ መቃብር ማልኩ፤ ሳምንት አልሞላሁም፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ይቅር ትበለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ በስፌት መኪናዬ ማልኩ፤ በማግስቱ የመኪናዋ ቀበቶ ተበጠሰ፣ አስጠገንኩት፣ ተጠግኖ ሲሽከረከር ባየው ደስ ብሎኝ ጠጣሁ። በማልኩ ቁጥር የእንጉዳይ ፊት ይፈካል። ከዚያ እኔ አጥሩን ይዤ እመጣለሁ፤ ያ ፊት ሲጠፋ ቆሜ አያለሁ። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አራተኛ ማየት አልፈለግሁም። ከእንግዲህ ብተውም ለእሷ ሳልናገር ነው የምተወው አልኩ። መቶ ቀን ሲሞላኝ እነግራታለሁ፤ ካልሞላኝም ማንም አላወቀ።

አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘጋሁና እንደ ልማዴ ወደ እትዬ ጦቢያ አረቄ ቤት ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ገፋሁት፤ እምቢ አለ። አንኳኳሁ። ከጎን ያለው ባለ ሱቅ ብቅ አለና፣ "ለቅሶ ሄደዋል፣ ዛሬ አይከፍቱም" አለኝ። በዚያ ላይ ዝናቡ ወረደ። ጣሪያው ጥግ ሥር ተለጥፌ ቆምኩና በሩን አየሁት። ያን በር በሕይወቴ ተዘግቶ አይቼው ስለማላውቅ፣ ከውጭ በኩል ወረቀት እንደተለጠፈበት አላውቅም ነበር። "መጠጥ ማቆም ለምትፈልጉ ሁሉ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለው ክፍል እንገናኝ። ብቻችሁን አይደላችሁም። ምስጢር ይጠበቃል" ይላል። የማን ብልሃት እንደሆነ እንጃ፤ ወረቀቱ የሚነበበው አረቄ ቤቱ ሲዘጋ ብቻ ነው።

"ብቻችሁን አይደላችሁም" የምትለዋን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌላ አረቄ ቤት ለምን አልገባሁም? ጫማዬ ውኃ ያስገባ ነበር፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም። ስገባ እንጉዳይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ አየችኝና፣ "አንቺ ዶሮ፣ ዛሬስ በሩን አልሳተውም" አለች።

በዚያው ሰሞን መስኮቱ ላይ አንዲት ጆሮዋ የተሰበረ ስኒ ተቀምጣ አየሁ፤ ውስጧ ጥቂት ሽምብራ አለ። አንድ ቀን ልቆርጥም ብዬ እጄን ስሰድ፣ "አንቺ ዶሮ፣ ያቺን ስኒ እንዳይነካ በይው!" ብላ ጮኸች። ዶሮዋ ራሷ ደንግጣ ከአልጋ ሥር ገባች። ለዘር ያስቀመጠችው ነው ብዬ ተውኩት።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ጋቢዬን እስከ ዐይኔ ተከናንቤ፣ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ባጃጅ አስቆምኩ። "ወደ ቀበሌው አካባቢ" አልኩ ድምፄን አጎርንኜ። ነጂው በመስታወቱ አየኝና፣ "ለመጠጥ ማቆሙ ስብሰባ ነው አይደል፣ ጋሼ? ሁለት ሰዎች አሁን አድርሼ መመለሴ ነው። አይዞዎት፣ ምስጢር ነው" አለኝ። ከጎኔ የተሳፈሩ አንዲት እናት ደግሞ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ "እግዜር ይርዳህ፣ ልጄ" አሉ። ተከናንቤ ስወርድ፣ "መልካም ስብሰባ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞር አለ።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እንደኔው ተከናንበው ዐይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰውን በፊቱ አይደለም የማውቀው። ቁልቁል አየሁ። ያ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ግራጫ ሱሪ የጋሽ ሙሉጌታ ነው፤ የደጀን ሰው የሆነው የከባድ መኪና ሾፌር፤ የጣፍኩት ራሴ ነኝ። ያ ጥቁር ካባ ደግሞ ከደብረ ወርቅ የመጡት የቅኔ መምህር የመሪጌታ ጥበቡ ነው። ጠርዙን የቀመቀምኩት እኔ ነኝ፤ የቀኙን እጅጌ ከግራው ያስረዘምኩትም እኔው ነኝ።

"መሪጌታ፣ እንዴት ዋሉ?" አልኩ ሳላስበው።

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱና ፊታቸውን ገለጡ። "በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም ግለጡ" አሉ፤ "ይኼ ሰውዬ የሁላችንንም ወገብ ለክቶታል።"

ሰብሳቢያችን ሲስተር ፀሐይ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ባላቸውን በመጠጥ ነው ያጡት። ይኼንን ሲናገሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ እጃቸው ግን የነጠላቸውን ጥለት ይዞ ይጠቀልላል። በየተራ ያለንበትን ተናገርን። ጋሽ ሙሉጌታ የአባይን ቁልቁለት ሰክሮ መውረዱንና ከታች ደርሶ መኪናውን አቁሞ እንደ ሕፃን ማልቀሱን አወራ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘም። መሪጌታ ከጠጡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ "ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ቅኔው ጠፋኝ፤ አንዱ ተማሪ ደግፎ አስቀመጠኝ" አሉ። እኔ ተራዬ ሲደርስ፣ "ሱሪ ሰፋሁ" ብዬ ጀመርኩና እንባ ተናነቀኝ። ቆይቶ ጋሽ ሙሉጌታ ቀስ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ እውነት ሁለቱም የግራ ነበሩ?" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ሱሪ አስቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀኔን ከዚያ እሑድ ጀምሬ ቆጠርኩ።

ሲስተር ፀሐይ ከሁሉ አብልጠው የሚያስተምሩን እምቢ ማለትን ነው። ብርጭቆ ውኃ ይቀዱና፣ "ጠላ ነው ብላችሁ አስቡ" ብለው በዚያ መርፌ ሲወጉ በሚያወጡት ለስላሳ ድምፅ፣ "ትንሽ ይጠጣሉ?" ይሉናል። እኛም በየተራ ቆመን፣ "አመሰግናለሁ፤ እኔ አልጠጣም" እንላለን። ተጨብጭቦ እንቀመጣለን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁላችንም እምቢ ባዮች ወጣን። መሪጌታማ በግዕዝ ጭምር እምቢ ይሉ ነበር።

እንዲህ እያልን ግንቦት ሊያልቅ ሲል ቀበሌው ለክረምቱ የመጣውን ማዳበሪያ የሚያስቀምጥበት አጣና ክፍላችንን ወሰደው። አንድ እሑድ ብንመጣ ወንበሮቻችን ላይ ኩንታል ተቀምጧል። ውጭ ቆመን ስንማከር መሪጌታ፣ "እንግዲያው እንደ ጽዋ ማኅበር በየተራ በየቤታችን ይሁን፤ ዕጣ እንጣል" አሉ። ሁሉም ተስማማ። ስማችንን ጽፈን በባርኔጣዬ ውስጥ ጣልን፣ ሲስተር ፀሐይ አንዱን አወጡ። ባርኔጣው የኔ፣ ዕጣውም የኔ። ቀኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው እሑድ ሆነ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ ግን የእምቢታ ልምምዱ ስለ ጠላ እንጂ ስለ እንግዳ አልነበረም።

ቤት ገባሁና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "አንቺ ዶሮ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ አሥራ ሁለት እንግዶች ይመጣሉ በያት። ምንም አታዘጋጅ፤ ውኃ ብቻ ይበቃል በያት።"

እንጉዳይ የምታንጓልለውን የሽሮ ክክ ትታ ቀና አለች። ዶሮዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

አሁን ሳስበው ምን እንዳልኩ ይገባኛል። የጎጃም ሴት ቤት አሥራ ሁለት ሰው ጠርቶ "ውኃ ብቻ" ማለት፣ እጅሽ ለሰው አይታይም ከማለት አንድ ነው። በማግስቱ ከሱቅ ስመለስ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ በር ላይ ተደፍቷል። በሦስተኛው ቀን ጌሾ ተወቀጠ። "አንቺ ዶሮ፣ ጠላ ባይኖርም ቅር አይላቸውም በያት" ብዬ ሞከርኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ "አንቺ ዶሮ፣ ለሱ ብሎ የጠመቀ የለም፤ እንግዳ ከቤቴ ጉሮሮው ደርቆ አይወጣም በይው።" ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ያ ሦስት ጊዜ የፈካ ፊት ትዝ አለኝ፣ አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልመኝላችሁም። ድፍድፉ ሲፈላ ቤቱ በሙሉ ይሸታል፤ ጋቢዬ ይሸታል፣ ትራሴ ይሸታል። እትዬ ጦቢያን ሸሽቼ የመጣሁበት ቤት እትዬ ጦቢያን ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ ጧት እንጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ብቻዬን ቀረሁ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ጋኑ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። በአንድ እጄ ክዳኑን፣ በሌላው ጣሳ ይዣለሁ። ምራቄን ስውጥ ድምፁ ተሰማኝ። ቀና ስል ዶሮዋ ደጃፉ ላይ ቆማ በአንድ ዐይኗ ታየኛለች። ምን ላድርግ፣ በዚያ ቤት ወሬ የሚደርሰው በሷ በኩል ነው፤ ትናገርብኛለች ብዬ ፈራሁ። እውነቴን ነው። ጣሳውን አስቀምጬ ከቤት ወጣሁና ቅዳሴ እስኪያልቅ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ከእሑዱ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋኑ ከቦታው ጠፋ። ለወንድሟ ልካዋለች፣ ተመስገን አልኩ። ለካስ ወደ ጓዳ አግብታው ነው።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶቹ መጡ። ሲስተር ፀሐይ፣ መሪጌታ፣ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሌሎቹም ተከታትለው ገቡ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ እንጉዳይ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሁሉንም ጉንጭ እየሳመች አስቀመጠች። ዳቦ ተቆረሰ። ጎሽ አልኩ በልቤ። ከዚያ ጓዳ ገባችና በማሰሮ ጠላ ይዛ ወጣች።

ቆሌዬ ተገፈፈ። እንጉዳይ እንደ ደንቡ ከማሰሮው ጠብታ መዳፏ ላይ አንጠባጥባ ቀመሰች። አሥራ ሁለት ሰው መዳፏን ብቻ ያይ ነበር። ከዚያ ከመሪጌታ ጀምራ ቀዳች። እንዴት ያለ ጠላ መሰላችሁ! ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ሽታው ገና ሳይቀዳ የሚጠራ። ለሁሉም እየቀዳች መጣችና እኔ ዘንድ ስትደርስ ዘለለችኝ። ተመልሳ አንድ ብርጭቆ ውኃ ፊቴ አስቀመጠች። በእንግዳ ፊት! ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። አምስት ወር አኩርፋ ሳለ እንኳ እንዲህ አላዋረደችኝም ብዬ ሆድ ባሰኝ።

ማንም አልጠጣም። አሥራ ሁለት ብርጭቆ፣ አሥራ ሁለት ሰው። ሲስተር ፀሐይ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ጋሽ ሙሉጌታን ላብ አጥምቆታል።

"ኧረ ጠጡ እንጂ!" አለች እንጉዳይ። "መሪጌታ፣ ይጀምሩልኝ እንጂ፤ በሞቴ!"

"በሞቴ" ልምምዱ ውስጥ አልነበረችም። እንጉዳይ ደግሞ መርፌ አትወጋም፤ ማሰሮዋን ይዛ ከራሳችሁ በላይ ነው የምትቆመው።

"ጾም ነውና…" አሉ መሪጌታ።

"ጠላ የተከለከለው በየትኛው ጾም ነው፣ መሪጌታ? እርስዎው ያስተምሩኝ እንጂ።"

እንጉዳይ ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ዞረች።

"እኔ እንኳ መኪና እነዳለሁና ነው፣ እመቤቴ።"

"በእግርህ አይደል እንዴ የመጣኸው? መኪናው የታለ?"

ጋሽ ሙሉጌታ በመስኮት ወደ ውጭ አየ፤ መኪና ይመጣ ይመስል። አንዱ ጨጓራዬ አለ፣ አንዱ ጠበል ገብቻለሁ አለ፣ አንዱ ዝም ብሎ ሳል ጀመረው። ያን ሁሉ ሳምንት በጭብጨባ የተማርነው "አመሰግናለሁ፤ እኔ አልጠጣም" አንድ ሰው አፍ ላይ አልተገኘም።

እንጉዳይ ማሰሮውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊቷ ሲጠፋ አየሁት። "አንቺ ዶሮ" አለች፤ ድምጿ ተሰበረ፤ "ሁለት ሳምንት ጉልበቴን ጨርሼበታለሁ። ሰዎቹ የተጸየፉት ጠላዬን ነው ወይስ እኔን? ጠይቂልኝ።"

ያን ጊዜ መሪጌታ ጥበቡ እጃቸውን ሰደው ብርጭቋቸውን አነሱ። ወደው አይደለም፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። እኒያ በግዕዝ ጭምር እምቢ የሚሉ ሰው፣ አንዲት ሴት በቤቷ ከምታፍር ዘጠኝ ወር ያለፈውን ልፋታቸውን ሊያፈሱላት ነው። ብርጭቆው ከንፈራቸው ሲደርስ እኔ ቆሜያለሁ።

"ያስቀምጡት፣ መሪጌታ!" አልኩ። ከዚያ ዶሮዋን አልፌ፣ ባለቤቴን አየኋት። "እንጉዳይ። ስንት ወር ሆነኝ ስምሽን ከጠራሁ። እነዚህ ሰዎች ጠላሽን ንቀው አይደለም። ከሁሉ አብልጠው ስለሚወዱት ነው። አንዷን ብርጭቆ ከቀመሷት ጋንሽን ይጨርሳሉ፤ እሱን ሲጨርሱ ቤታቸውን ይጨርሳሉ። ለመተው ነው የምንሰበሰበው። ሁላችንም። እኔም። መጀመሪያ ያልነገርኩሽ ደግሞ እወድቃለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ዛሬ ሃምሳ ቀኔ ነው።"

መሪጌታ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

እንጉዳይ ወደኔ ዞረች። ወደ ዶሮዋ አይደለም፤ ወደኔ።

"ሃምሳ አንድ ነው" አለችኝ።

ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ያቺን ጆሮዋ የተሰበረ ስኒ አንስታ መጣችና ከውኃዬ ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠቻት። "በየቀኑ አንድ አንድ ነው የጨመርኩት" አለች። "ብናገረው የሚበተን መሰለኝ። ላንተ ያልቀዳሁትም ለዚያ ነው። እንግዶቹም እንደዚሁ መሆናቸውን ማን ነገረኝ?"

እኔ ምን ልበላችሁ፤ ውኃ ሆንኩ። ጋሽ ሙሉጌታ ጮክ ብሎ ተናፈጠ። ሲስተር ፀሐይ ጥለታቸውን ለቀው አለቀሱ። እንጉዳይ ግን እንግዳ ቤቷ አለና ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ጠላውን ወደ ጋኑ መለሰች፣ ጋኑን ማዶ ለቅሶ ለተቀመጡ ጎረቤቶች አስወሰደች፤ ቆይታ ማሰሮውንና ብርጭቆዎቹን አጥባ፣ በዚያው ማሰሮ ውኃ ይዛ ወጣች። መዳፏ ላይ አንጠባጥባ ቀመሰችው፣ ውኃውን! "መሪጌታ፣ ይጀምሩልኝ፤ በሞቴ!" አለች። መሪጌታ ጨለጡ። "ይድገሙ!" ደገሙ። "ኧረ በእንጉዳይ ሞት አንድ ብቻ!" ውኃ እንዲህ ተለምኖ ሲጠጣ አይታችሁ አታውቁም። ጋሽ ሙሉጌታ ሰባት ብርጭቆ ጠጣና ወደ ጓሮ መንገዱን ጠየቀ። ሲስተር ፀሐይ ሲወጡ፣ "ከእንግዲህ የእምቢታውን ልምምድ እሷ ትምራው" አሉኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጀንበር ገና አልጠለቀችም። ሁለታችን ስኒዋን መካከላችን አድርገን ተቀመጥን። ዶሮዋ እንደ ልማዷ መጥታ ቆመች፤ አንዴ ወደሷ፣ አንዴ ወደኔ አየች። የሚላካት ጠፋና ከወለሉ የዳቦ ፍርፋሪ ትለቅም ጀመር።

ልቤ ግን አላረፈም። "እንጉዳይ" አልኩ፣ "አንዷን ሽምብራ አውጫት። ያን ቅዳሜ ያልጠጣሁት በራሴ አይደለም። እትዬ ጦቢያ ለቅሶ ሄደው በሩ ተዘግቶብኝ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። "ለቅሶው ላይ ከጎኔ ነበሩ የተቀመጡት።"

ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበሷ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። "ታዲያ እያወቅሽ ለምን ቆጠርሽው?"

"ከሳቸው ቤት እስከኛ ቤት ስንት አረቄ ቤት አለ?" አለችኝ።

ይኼን የሚያውቅ ካለ እኔ ነኝ። በልቤ መንገዱን ሄድኩበት። "ዘጠኝ" አልኳት።

ስኒዋን አንስታ ወደ መስኮቱ መለሰቻት።

"ዘጠኙንም አልፈህ ወደኔ መጣህ" አለች።